«ቴክ ኦቨር» ምን ማለት ነው ያለኝ ጎረቤቴ

እንግሊዝኛ ማንም አላስተማረኝም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው እንዲታወቅልኝ ስለምፈልግ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ አባቴ አምጥቶ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና ላይ፣ እሱ ራሱ ይሰፋበት ከነበረው የስፌት መኪና ፊት አስቀመጠኝ፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እዚያው ተቀምጬ ነው። ሐረርን ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ ሲወርድ በእኛ ጎዳና ማለፉ አይቀርም። በግራና በቀኝ የተደረደሩትን መኪኖች ሲያይ ይቆማል፣ ፎቶ ያነሳል። ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። እኔ ግን ቆሞ የሚያየኝን ሰው ዝም ብዬ አሳልፌ አላውቅም። ከየት እንደመጣ እጠይቀዋለሁ፤ ሲመልስልኝ ከመልሱ ውስጥ የማላውቃትን አንዲት ቃል ለቅሜ አስቀራለሁ።

የማስቀርበትም ዘዴ የራሴ ነው። እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ ገልብጬ፣ በውስጠኛው ፊት ላይ፣ ልክ በማሰምርበት ጠመኔ ቃሏን እጽፋታለሁ። ሰፍቼ እስክጨርስ ዓይኔ ሥር ትውላለች፤ ልብሱ ሲያልቅ ቃሏ እኔ ዘንድ ቀርታለች። ስለዚህ በዚህ ከተማ ውስጥ በሱሪው፣ በቀሚሷ፣ በኮቱ ውስጥ የኔን እንግሊዝኛ ይዞ የዞረ ሰው ቁጥር የለውም። አንድ ጊዜ አንድ የቢሮ ሰው ገበሩ ላይ የተጻፈውን አይቶ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ኮቱን ይዞ ተመልሶ መጣ። ትርጉሙን ነገርኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

ሰፊዎቹ «ቲቸር» ይሉኛል። መጀመሪያ ለማሾፍ ያወጡልኝ ስም ነበር፤ ውሎ ሲያድር ማሾፉ ረገፈና ስሙ ቀረ።

ከሁሉም ያስቸገሩኝ፣ በኋላም ያሸነፍኳቸው፣ እኔ «ጭራ ያላቸው ግሶች» የምላቸው ናቸው። ምሁራኑ ሌላ ስም አላቸው አሉ፤ የኔ ይሻላል። እንግሊዝ አንዲት ትንሽ ግስ ይወስድና ከኋላዋ ትንሽ ቃል ይቀጥልባታል፤ በዚህን ጊዜ ግሷ ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። «ቴክ» ብቻዋን ወሰደ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። «ቴክ ኦፍ» ስትሆን አወለቀ ነው፤ ይቺን የተማርኩት ደረቱን ልለካው የቆመ ፈረንጅ ጃኬቱን እያወለቀ ሲላት ሰምቼ ነው። ያቺው ቃል አውሮፕላን ሲነሳም ትባላለች። «ቴክ አፍተር» ደግሞ ልጅ ወላጁን ሲመስል ነው፤ ከመውሰድ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ፈጣሪ ይወቅ። መዝገበ ቃላት ገልጦ ሁለቱን ቃል ለየብቻ የሚፈልግ ሰው የትም አይደርስም። እኔ የደረስኩት ሰው ሲናገራቸው ፊቱንና እጁን እያየሁ ነው። ልብስ ሰፊ ማየት ያውቃል።

ታዲያ ከእነዚህ ግሶች አንዷ በራሴ ጎረቤት አፍ መጣችብኝ።

ጎረቤቴ ስል ከኔ ቀጥሎ መኪናውን የዘረጋውን ሰው ማለቴ ነው። ከሶፊ ገጠር በኩል የመጣ፣ የልጆች አባት ነው። ቤተሰቦቹ ጫት ያለማሉ፤ እሱ ግን ከመሬቱ መኪናውን መርጦ ከተማ ገባ። ሥራው ጥሩ ነው። እኔ ጥሩ ነው ካልኩ ጥሩ ነው።

ስለ ቦታውም መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የቦታ ነገር ነውና። የኔ ቦታ የረድፉ መጀመሪያ ነው፤ ከአንዲት ሐረሪ ሴት የጨርቅ ሱቅ ደረጃ አጠገብ። መካ ደርሳ ስለመጣች ሁላችንም ሐጂያ እንላታለን። ቦታዬ ጥላ አለው። ከፈረስ መጋላ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ከሐጂያ ሱቅ ጨርቅ ገዝቶ የሚወጣም ሰው ጉልበቱ የሚነካው የኔን መኪና ነው። አባቴ ሠርቶበታል፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አለሁበት። ግን ውል የለውም። በእኛ ጎዳና ቦታ የሰው የሚሆነው መኪናው እየጮኸ እስካለ ድረስ ነው። የአንዱ መኪና ዝም ካለ ከጎኑ ያለው ይጠጋል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ይጠጋል። ማንም ማንንም አያባርርም። ረድፉ ራሱ ይንቀሳቀሳል። እኔ ከተነሳሁ ወደዚያ ጥላ የሚገባው ጎረቤቴ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ሌላም ልማድ አለን። የጁምዓ ሶላት ሲደርስ ሁሉም መኪናውን እንዳለ ትቶ መስጊድ ይሄዳል፤ በረድፉ ክርስቲያን እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጎዳናውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። በኔ ጊዜ መቀስ ጠፋ ተብሎ አያውቅም። እኔ ደግሞ በወር በዓል ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የኔን የሚጠብቀው ጎረቤቴ ነው።

የጠየቀኝ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁሉም ጉንጩን በጫት ወጥሮ እጁ የሚፈጥንበት ሰዓት። መኪናውን አቆመና ወደኔ ዘንበል አለ።

«ቲቸር።»

«አቤት።»

«ቴክ ኦቨር ምን ማለት ነው?»

እግሬ መርገጫው ላይ ቀረ።

«ከየት ሰማሃት?»

«ዝም ብሎ ነው፣ አቦ። ሰው ሲል ሰምቼ ነው።»

«የት ያለ ሰው?»

«መንገድ ላይ።»

ይህ ሰው «ሃሎ» እና «ኖ» ከማለት በቀር እንግሊዝኛ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ ሁሉ ቃል መርጦ ይቺን አነሳ።

«ስልክህ አይነግርህም?» አልኩት።

«ሞከርኩ። አጻጻፏን አላውቃትም፤ የጀልባ ስዕል አመጣብኝ።»

እንግዲህ ለአንባቢ ሙሉውን ልንገር። «ቴክ ኦቨር» አንዱ ይዞት የነበረውን ነገር ሌላው ሲይዘው ነው፤ ሥራን፣ ሥልጣንን፣ ቦታን። ሁለት አኳኋን አላት። አንደኛው የጉልበት ነው፤ ወታደር ከተማ ሲይዝ፣ ትልቅ ድርጅት ትንሹን ሲውጥ። ባለቤቱ ወደደም ጠላም ይያዝበታል። ሁለተኛው የወዳጅ ነው፤ ሾፌሩ ሲደክመው ረዳቱ መሪውን ተቀብሎት እሱ ጋቢና ውስጥ እንደሚተኛ ያለ። በዚህኛው አብዛኛውን ጊዜ «ፍሮም» የምትል ቃል ትከተላለች፤ ከእገሌ ተረከበ ለማለት። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በዚህ ጎዳና ቀርቶ በዚህ ከተማ ብዙ አይመስለኝም።

ለጎረቤቴ ግን አንደኛውን ብቻ ሰጠሁት።

«ሌላው የያዘውን ነጥቆ መያዝ ማለት ነው» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

ፊቱ ተለወጠ። «አስታግፊሩላህ» አለ በቀስታ። ወደ መኪናው ዞረና እስክንነሳ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ሰፋ። የተነቃበት ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ ጨርቄን ጠቅልዬ ተነሳሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አየችው።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ነው?»

«ጎረቤቴ ቦታዬን ሊይዝ ነው።»

«ነገረህ?»

«ትርጉሙን ጠየቀኝ።»

«ሊቀማህ ያሰበ ሰው መጥቶ አንተኑ ትርጉም ይጠይቅሃል?»

«የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ነው።»

«እንግዲያው እኔም አስፈራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅህ ነው የኖርኩት» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሴትዮዋ ጎበዝ ናት፤ ግን ገበያ አልዋለችም። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሮችን ማያያዝ ያዝኩ። የመርፌዬን ክር የሚያስገባልኝ እሱ ነበር። ዘንድሮ የሚመጣው መርፌ ቀዳዳው ጠባብ ነው እያልኩ እሰጠዋለሁ፤ እሱም «አዎ፣ ጠባብ ነው» እያለ ያስገባልኛል። አሁን ይሄም አጠራጠረኝ። ለምን ሁልጊዜ እሺ ይላል? የራሱን መርፌ ክር ሲያስገባ ጠባብ ነው ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሐጂያና እሱ ደግሞ በደረጃው ላይ ሲያወሩ ቆይተው እኔ ስመጣ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። ሰማዩ ላይ ዳመና የለም። አንዲት ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ገልብጣ ስፌቱን አየችና ራሷን ነቀነቀች፤ ወደኔ ሳይሆን ወደ እሱ። የሰፋሁት እኔ፣ ምስጋናው ለእሱ።

ከሁሉ የባሰው የተሰቀሉት ልብሶች ነገር ነው። ያለቀ ሥራዬን ከራሴ በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ እሰቅላለሁ፤ አሰቃቀሌም የራሴ ነው፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸው ወደ መንገዱ፣ አቧራ እንዳይበላቸው። በወር በዓል ሄጄ ስመለስ አንዱ ወይ ሌላው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ አገኘዋለሁ። ነፋስ ልብስ ያወዛውዛል እንጂ አውርዶ ገልብጦ አይሰቅልም።

ወጥመድ ሠራሁ። ይህን የማስታውሰው በኩራት ነው፤ ሌላ ሰው አያስበውም ነበር። ለማርያም ከመሄዴ በፊት የሰቀልኩትን ቀሚስ ገለበጥኩና የጎን ስፌቱን አቋርጬ በጠመኔ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ ግማሿ በአንዱ ጨርቅ፣ ግማሿ በሌላው። ስፌቱ እስካልተነካ ድረስ መስመሯ ቀጥ ብላ ትቆያለች። ስመለስ ማንም ሳያየኝ ገልጬ ወደ ዓይኔ አስጠጋኋት። ሁለቱ ግማሾች አይገናኙም። አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች ሸሽተዋል። ስፌቴ ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቷል።

ማን እንዳደረገው ማወቅ ቀላል ነው። ለምን እንደሚያደርገው ግን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

የገብርኤል ዕለት ነጠላዬን ለብሼ ተነሳሁ።

«ጠብቅልኝ» አልኩት እንደ ወትሮው።

«ኢንሻአላህ። ዓይኔ እዚሁ ነው» አለኝ።

ዓይኑ እዚያው መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ቤተ ክርስቲያኑን ከደጁ ተሳለምኩ፣ ገብርኤልን ለዛሬ ይቅር በለኝ አልኩትና በጀርባ በኩል ባለው ጠባብ መንገድ ተመለስኩ። ከእኛ ረድፍ ትይዩ ጨርቅ ደጅ ድረስ የሚሰቅል ሱቅ አለ። ባለሱቁን ሰላም ብዬ ከጨርቆቹ ኋላ ቆምኩ። «ምን ፈለጉ?» አለኝ። ጨርቅ እያየሁ ነው አልኩት። እውነትም አንዱን በእጄ ይዤ ነበር።

ጎረቤቴ ግራና ቀኝ አየና ከገመዴ ላይ አንድ ቀሚስ አወረደ። ሰማያዊ ነው፤ ባለፈው በዓል ሳይደርስ የጨረስኩት፣ ባለቤቷ ገና ያልመጣችለት። ገለበጠው። ስፌቱን በአውራ ጣቱ እየተከተለ ወረደና አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ከመሳቢያው ምላጭ አወጣ። ከዚያ ስፌቴን ከብብቱ እስከ ወገቡ ተረተረው።

ደስ አለኝ ማለት ይከብዳል። ግን የጠረጠሩት ነገር እውነት ሲሆን ለሰው የሚመጣ አንድ ስሜት አለ፤ እግር ይረጋል። ልብሴን እያበላሸ ደንበኞቼን እያሸሸ ነው፤ ደንበኛ ሲያልቅ መኪናዬ ዝም ይላል፤ መኪናዬ ዝም ሲል እሱ ይጠጋል። አለቀ። ጨርቁን ለባለሱቁ መልሼ መንገዱን ተሻገርኩ።

«ምላጩን አስቀምጠው» አልኩት።

ቀና አለ። አልደነገጠም፤ ያናደደኝም ይሄ ነው። ያዘነ ሰው ይመስል ነበር።

«ቶሎ መጡ፣ ቲቸር።»

«ቶሎ መጣሁብህ።»

በጎን ያለው መኪና ዝም አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ዝምታው እስከ ረድፉ ጫፍ ሄደ። መኪና ግርግር እንዲህ ዝም የሚለው ቀብር ሲያልፍ ብቻ ነው።

«ስሙ እንግዲህ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ይሄ ሰው እኔ ሳልኖር ሥራዬን በምላጭ ይተረትራል። ቦታዬን ስለፈለገ ነው። ቴክ ኦቨር ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀኝም ለዚሁ ነው።»

«ምን ኦቨር?» አለ ከታች አንዱ።

«ዝም በል፣ ክላስ ተጀምሯል» አለው ሌላው። ማንም ግን አልሳቀም።

ጎረቤቴ ቀሚሱን ጭኑ ላይ እንደያዘ መሬት መሬት ያያል። ሐጂያ ከሱቋ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች።

«ስጠኝ ቀሚሱን» አለችው። ሰጣት። ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ምን?»

«ዓይኔን ጨፍኜ የማን ስፌት እንደሆነ በጣቴ እለያለሁ የሚሉት እርስዎ አይደሉም? እዚሁ ደረጃ ላይ ቆመው አላሳዩንም? ይጨፍኑ።»

አሳይቻቸዋለሁ፤ እውነቷን ነው። የረድፉን ሰው ሁሉ ሥራ አምጥተው ጭኔ ላይ ሲያስቀምጡልኝ አንዱንም ሳልስት የባለቤቱን ስም ጠርቻለሁ። ዓይን ይታለላል፤ የሰፊ ጣት አይታለልም እያልኩ ለፈረንጅ ሁሉ ነግሬአለሁ። ጨፈንኩ።

አንዱን ጎን ጣቴ ሥር አደረገችልኝ። ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ጠባብ፣ እኩል።

«የማን ነው?»

«የሱ ነው። ዛሬ የሰፋው ነው?»

«ባለፈው በዓል አውርዶ ያስተካከለው ነው» አለች። «ይሄስ?»

ሌላውን ጎን አስጨበጠችኝ፤ ከወገብ በታች ምላጩ ያልደረሰበትን። ጣቴ ጥቂት ሄደና ጠፋበት። ስፌቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ወደ ጠርዙ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ጨርቁን ጨርሶ ስቶ በባዶ አልፏል። የሰከረ ሰው የሄደበት መንገድ ነው። ይሄ የማንም ጀማሪ ሥራ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ጣቴ ግን ወደ መጀመሪያው ተመለሰችና እዚያ ትንሿን ቋጠሮ አገኘች። ስፌት ስጀምር ወደ ኋላ ተመልሼ የማጠብቃት ቋጠሮ አለችኝ፤ አባቴ ያስተማረኝ፤ በዚህ ጎዳና ከኔ በቀር የሚቋጥራት የለም።

ዓይኔን ሳልከፍት ቋጠሮዋን ደግሜ ነካኋት።

«ክሩ ነው» አልኩ።

ሐጂያ ቀሚሱን ከእጄ ወሰደች።

«ክሩ ነው» አለች ሐጂያ። «ዘንድሮ የመጣው ክር መጥፎ ነው። እኔው ነኝ ያመጣሁት።»

«የኔንም ሲበጥስብኝ ነው የዋለው» አለ ከታች ያ የቅድሙ ሰውዬ።

መኪናውን ረገጠ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ጩኸቱ ከታች ወደ ላይ እየመጣ እኛ ድረስ ደረሰ። ሐጂያ ቀሚሱን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ገባች። ነጠላዬን አጥፌ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ አሁንም አላየኝም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከረመዳን በፊት ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ቲቸር፣ ስፌትዎ ጠማማ ነው ብዬ? በሰው ፊት?»

«ብቻዬን ስሆን።»

«ብቻዎን የሚሆኑት መቼ ነው? ሁልጊዜ ፈረንጅ ይዘው ያወራሉ።»

ይሄኛው እውነት ነው። ቀጥሎ የጠየቅሁትን የጠየቅሁት ግን ሰው ሁሉ መኪናው ላይ ካጎነበሰ በኋላ ነው።

«ቦታውን ትፈልገዋለህ?»

አሁን ቀና ብሎ አየኝ።

«ዋላሂ እፈልገዋለሁ። ጥላ የማይፈልግ ማን አለ? የኔ ቦታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ነው። ግን ደንበኛዎ ከሸሸ መኪናዎ ዝም ይላል። መኪናዎ ዝም ካለ እኔ እጠጋለሁ። ከዚያ እርስዎ የት ይቀመጣሉ? ቤትዎ? እዚያ ማንን ሊያስተምሩ?»

ያቺን ሰዓት ሳስባት የገባኝ ነገር፣ ይህ ሰው በየበዓሉ የተረተራትና የሰፋት ስፌት ሁሉ እሱን ከጥላው ያራቀችው መሆኗ ነው። እጁን አስሮ ቢቀመጥ ኖሮ ቦታው ራሱ ይመጣለት ነበር።

«ያቺን ቃልስ?» አልኩት።

«በየዓመቱ የምትመጣዋ ፈረንጅ ናት» አለ። ጀጎል ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትቀመጥ፣ ስትመጣ ሁሉ እኔ ዘንድ ቀሚስ የምታሰፋ ሴት ናት። «አንድ ቀን እርስዎ በሌሉበት ሥራዎን ይዤ ስታየኝ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ውስጡ ቴክ ኦቨር የሚል አለው። ሌላው አልተያዘልኝም፤ በእጇ ግን ወደ ወንበርዎ እያመለከተች ነበር።»

«ምን አልካት?»

«ኖ።»

«ትርጉሙን ሳታውቅ?»

«የእርስዎ ነገር ከሆነ ሳላውቅ እሺ አልልም። ኖ ብዬ ስትሄድ እያጉተመተምኩ ይዤው ዋልኩ፣ እንዳይጠፋብኝ። ከዚያ እርስዎን ጠየቅሁ። ነጥቆ መያዝ ሲሉኝ ጊዜ፣ ሴትዮዋ ሌባ አደረገችኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ቆሽቴ አረረ።»

ሁለተኛውን አኳኋን ያኔ ሰጠሁት። አስተማሪ ሁሉንም በአንድ ቀን አይሰጥም። የደከመውን ሾፌር ነገርኩት፤ ረዳቱን፣ መሪውን፣ «ፍሮም»ን ነገርኩት። ሰማያዊውን ቀሚስ ገልብጬ በውስጡ በጠመኔ ጻፍኩለት፤ ፊደሎቹ ትንሽ ተዛነፉ።

«እንግዲያው ሴትዮዋ የጠየቀችው ይሄኛውን ነው?»

«ይሄኛውን ሳይሆን አይቀርም።»

«ታዲያ ለምን መጀመሪያ ክፉውን ነገሩኝ?»

«ክፉው ነው ቀድሞ የሚመጣው። በመዝገበ ቃላትም እንዲሁ ነው» አልኩት። እሱም አላጣራውም።

ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ባለቤቴ ናት የወሰደችኝ፣ ፊቷ ላይም ያየሁትን ነገር አልጽፈውም። የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አሉኝ፤ ተራ ይዣለሁ። እስከዚያ እንዲህ አድርገናል። እኔ እለካለሁ፣ አሰምራለሁ፣ እቆርጣለሁ፤ ለመቁረጥ መቀሱ ትልቅ ነው፣ መስመሩን ደግሞ ጣቴ ይከተለዋል። ጎረቤቴ ይሰፋል። የኔን ደንበኛ ልብስ በኔ መኪና ላይ ተቀምጦ፣ የራሱን በራሱ። ስለዚህ መኪናዬ ይጮኻል፤ ጥላውም የኔ ነው። እኔ አጠገቡ ወንበሬ ላይ ሆኜ ከሚያልፈው ሰው ጋር አወራለሁ። እንዲያውም ደንበኛ ጨምሯል። ይህን የመላ ሁሉ መላ ያፈለቅሁት እኔ ነኝ፤ ሐጂያ እኔ ነኝ ትላለች፣ ተዋት።

ግማሽ ቀን ጥላ ውስጥ ስለሚውል ፊቱ ወዝ አወጣ። አንዳንዴ መኪናዬ ላይ ሲቀመጥ አያለሁ፤ ጉልበቱን የሚያጥፍበት፣ ክርኑን የሚያሳርፍበት ሁኔታ የእንግዳ አይደለም። ወደ መቀሴ እመለሳለሁ። ግን አያለሁ፤ እስከዚህ ድረስ ዓይኔ አልጠፋም።

ባለፈው ጊዜ ፈረንጇ መጣች። ጎረቤቴ መኪናዬ ላይ ነበር፤ እኔ ትከሻዋን ልለካ ሜትሬን ይዤ ቆሜአለሁ። እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ያንኑ ጥያቄዋን በፈገግታ ጠየቀችው፤ ከእሳቸው ቴክ ኦቨር አደረግክ ወይ ብላ፣ «ፍሮም»ንም በቦታዋ አስገብታ። እንዴት እንደሚመልስ ደጋግሜ አስተምሬው ነበር፤ አንገቱን ቀና አድርጎ «ኖ» እንዲል፣ ከዚያ ወደኔ እንዲያመለክት።

አንገቱን ቀና አደረገ። ወደኔ አየ።

«ኖት ዬት» አላት።

ሴትዮዋ ሳቀች፣ እኔም ትከሻዋን እየለካሁ ሳቅሁ። «ኖት ዬት» ገና አይደለም ማለት ነው። «ኖት»ን እኔ አስተምሬዋለሁ። «ዬት»ን አላስተማርኩትም።

ስትሄድ «ከየት አመጣሃት?» አልኩት።

«ከስልክ» አለኝ፣ ክር እያስገባ። «አጻጻፏ ቀላል ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናውን ትቼለት እሄዳለሁ፣ መቀሱንም፣ ጠመኔውንም። ወንበሬን ግን ወደ ቤት ስሄድ ይዣት እገባለሁ።